የአኮ ጉንጭ

ባለፈው ሐምሌ ሸዋ በር ገበያ መሃል ቆሜ ሳምቡሳ ስገዛ ሻጯ ሎሚ ለሁለት ቆረጠች። አፌ ምራቅ ሞላ፤ ይሄ የሁሉም ሰው ነው። የእኔ ግን በዚያ አያበቃም። ሎሚ በሸተተኝ ቁጥር እጄ ሳላዘው ይነሳና ከግራ ጆሮዬ ሥር ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ ይፈልጋል። እዚያ ምንም የለም። ምንም እንደሌለ እያወቅሁ እዳብሳለሁ። ሻጯ አየችኝና ጥርሴን አሞኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ገበያ መሃል፣ ሳምቡሳ በእጅ ተይዞ፣ የአኮ ሩቂያ ነገር ከየት ተጀምሮ ይወራል?

አኮ ሩቂያ የአባቴ አክስት ነበሩ። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ እኔም የማያቸው እንደ አያት ነበር። ትውልዳቸው ከሶፊ፣ ከእኛው የጫት ማሳ ዳር ነው። በልጅነታቸው ለአንድ የሐረሪ ነጋዴ ተድረው ጀጎል ግንብ ውስጥ ገቡና በዚያው ቀሩ። ልጅ አልወለዱም። ባላቸው ሲሞቱ አባቴ፣ ሁለት ነገር በአንድ ጉዞ መጨረስ የሚወድ ሰው ስለሆነ፣ እኔን ላከላቸው፤ እሳቸው ብቻቸውን እንዳይሆኑ፣ እኔም ከተማ እንድማር። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ።

ቤታቸው የድሮ የሐረሪ ቤት ነው። ከበሩ ሲገባ ከፍና ዝቅ ያሉ ቀይ ቀለም የተቀቡ መደቦች አሉ፤ ግድግዳው ደግሞ ዕቃ ለማስቀመጥ እዚህም እዚያም ተቦርቡሯል። ሶፊ ያለው ቤታችን ግድግዳው ድፍን ስለነበር እነዚያ ጉድጓዶች ደስ አላሉኝም። ቤቱ ብዙ አፍ ያለው መሰለኝ። ሳህን በገባ ቁጥር ሲወጣ እስካይ ድረስ እጠራጠር ነበር።

ሰፈሩ አኮን የሚያውቃቸው በምርቃታቸው ነው። ለፈተና የሚሄድ፣ መንገድ የሚወጣ፣ ሕፃን ያቀፈች፣ ሁሉም ጠዋት በራቸው ላይ ይቆማል። አኮ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ከንፈራቸውን ጠበብ አድርገው ሰብስበው ግንባሩ ላይ እንትፍ፣ እንትፍ ይላሉ። ይሄን ስነግራቸው ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ጓደኞች አሉኝ። አይፈረድባቸውም፣ አልቀመሱትም። ግንባር ላይ የሚያርፈው ጠብታ አይደለም፤ የጠዋት ጤዛ ያህል ነው፣ ሳይታወቅ ይደርቃል። ከጎናችን ያሉት እትዬ ጽጌ ማተባቸውን ያሰሩ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ እሳቸውም የእኔ እኩያ የሆነውን ልጃቸውን ሚኪን እየጎተቱ ይመጡ ነበር። ለምርቃት ሃይማኖት አይጠየቅም ይላሉ።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ትምህርት ቤታችን ጆሮ ደግፍ ገባ። ከጆሮ ሥር ያለውን የምራቅ ዕጢ የሚያሳብጥ በሽታ መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ የማውቀው ፊት ሲለወጥ ብቻ ነበር። ሰኞ አብራኝ የተቀመጠችው ልጅ ረቡዕ ስትመጣ ዐይኗ ያው ነው፣ ድምፅዋ ያው ነው፣ ፊቷ ግን የሌላ ሰው ነው። በማግስቱ ትቀራለች። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ አንገቱን ማዞር ያቅተዋል። አንድ ነገር ወንበር ለወንበር እየሄደ የሚመርጥ ይመስል ነበር፤ እኔም ወደ የትኛው ወገን እንደሚዞር የማየው ይመስል ክፍሉን እከታተል ነበር።

ልጆቹ የራሳቸው ምርመራ ነበራቸው። የተጠረጠረ ልጅ ምላሱ ላይ ሎሚ ይጨመቅበታል። ጆሮ ደግፍ ከያዘው ምራቁ ሊወጣ ሲታገል መንገጭላውን ይቆርጠዋል፣ ይጮሃል። ካልጮኸ ነፃ ነው። የሎሚው ባለቤት ሚኪ ነበር። አንዲቷን ሎሚ ኪሱ ከትቶ ሰሞኑን ሙሉ ለክፍሉ አዳረሳት፤ ያልላሳት አልነበረም። ከሎሚዋ ጋር በሽታውንም እያዳረሰ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን እንደ ዶክተር ነበር የምናከብረው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው አንድ ቀን የእኔ ተራ ሆነ። ሎሚዋ ምላሴን ስትነካ ከጆሮዬ ሥር አንድ ሰው በክር የሳበኝ ያህል ተሰማኝና ጮህኩ። ልጆቹ ከአጠገቤ ተነሱ። ቤት ስደርስ ትኩሳት ነበረኝ፤ ከሰዓት በኋላ ግራ ጉንጬ ከትከሻዬ ጋር ሊገናኝ ምንም አልቀረው።

አኮ መደቡ ላይ አስተኙኝ፣ ጨርቅ አሙቀው መንገጭላዬን አሰሩልኝ። ቆይተው ጨርቁን ፈቱና ዱዓ አደረጉ፣ እብጠቱ ላይ እንትፍ አሉበት፣ በአውራ ጣታቸው ከጆሮዬ ወደ አገጬ ቀስ ብለው አሹልኝ። ከዚያ ያችው እጅ ተነሳች። ሻሻቸው ሥር ገባች፣ ከራሳቸው ጆሮ በታች፣ እዚያ ትንሽ ቆየች። አንድ ነገር እንደያዙ አላየሁም። አንድ ነገር እንዳስቀመጡ ግን አየሁ።

እብጠቴ መጉደል ሲጀምር አባቴ ከሶፊ መጣ፤ እትዬ ጽጌ ደውለውለት ነው። የገባው አኮ ለዝሁር ሶላት ውዱእ ሲያደርጉ ነበር። ሻሻቸውን አውልቀው ጆሯቸውን እያጠቡ ነው። ከግራ ጆሯቸው ሥር፣ መንገጭላቸው ጥግ ላይ፣ ሎሚ የሚያህል እብጠት አለ። አብሬያቸው እየኖርኩ አይቼው አላውቅም፤ ሻሻቸው ሁልጊዜ እስከ አገጫቸው ወርዶ የታሰረ ነበር። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«አኮ፣ እርስዎንም ያዘዎት እንዴ?»

ውሃው ከክርናቸው ይንጠባጠባል። አኮ አባቴን አዩት፣ ከዚያ መደቡ ላይ የተኛሁትን እኔን አዩኝ።

«አዎ፣» አሉ፣ «ከልጅቷ ነው መሰለኝ።»

አባቴ እንዲሞቃቸው፣ እንዲያርፉ ነግሯቸው ማሳው ስለሚጠብቀው በማግስቱ ተመለሰ። ለእሱ ነገሩ አለቀ። ለእኔ ግን ተረጋገጠ። የኔው እብጠት ነው እዚያ ያለው፤ በእጃቸው ወስደው ከሻሻቸው ሥር አስቀምጠውታል፤ ራሳቸው ተናገሩ።

ከዚያ በኋላ ዐይኔን ከሻሻቸው ላይ ማንሳት አልቻልኩም። የሰፈሩ እናቶች ያበጡ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። አኮ ይመርቃሉ፣ ያሻሉ፣ ከዚያ እጃቸው ሻሻቸው ሥር ትገባለች። ሁሌም። ልጆቹ ይድናሉ፣ ባዶ ወንበሮቹ አንድ በአንድ ይሞላሉ፣ የአኮ እብጠት ግን አይጎድልም። እንዲያውም ሻሹ ላይ መታየት ጀመረ። ለሚኪ ነገርኩት፤ እሱም ከእኔ ሳምንት ዘግይቶ ይዞት ነበር። በጣም አሰበበት። የእሱ በቀኝ በኩል ስለነበር እንዴት ወደ ግራ ሊገባ ቻለ የሚለው ብቻ አልገባውም። ቦታ ጠቦ ይሆናል አልኩት።

አዘንኩላቸው፣ ፈራኋቸውም። ሁለቱ አንድ ላይ ሊኖሩ እንደሚችሉ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ውሃ ሲቀዳ ቀድሜ እሮጣለሁ፣ ምንጣፋቸውን አነጥፋለሁ፤ ሲጠጉኝ ግን ትንፋሼን እይዛለሁ።

ታኅሣሥ ላይ አባቴ ተመልሶ ሲመጣ እብጠቱን ቁጭ ብሎ አየው። ጆሮ ደግፍ ይህን ያህል አይቆይም አለ። አኮ ነገር አዙረው ስለ ጫቱ ዋጋ ጠየቁት፣ ከብቱን ጠየቁት፣ ስለ እናቴ ጠየቁት፤ አልተሳካላቸውም። ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ቤት የሚጠብቀኝ ስላልነበረ እኔም ተከተልኩ።

ሐኪሙ ወጣት፣ እጁ ለስላሳ ነበር። እብጠቱን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሰው። ምራቅ በሚያመነጨው ዕጢ ውስጥ ያደገ ሌላ ዕጢ ነው አለ። እንዲህ ያለው ለዓመታት ዝም ብሎ ይኖርና አንድ ቀን ሊከፋ ይችላል፤ አሁን ማደግ ከጀመረ መውጣት አለበት። አስቸጋሪው ነገር ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በዕጢው መሃል ማለፉ ነው። ቢጠነቀቅም ነርቩ ሊደነግጥ፣ ዐይናቸው አልከደን ሊል፣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሊጎብጥ ይችላል፤ ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዘለቄታው።

አኮ ስለ ሕመሙም ስለ ቢላውም አልጠየቁም።

«ከንፈሬ ካልተሰበሰበ በምን እመርቃለሁ?» አሉ።

ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ሳቀ። የአባቴን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

አኮ እምቢ አሉ። አባቴ በስልክም በአካልም ለመናቸው፣ ተቆጣ፣ መልሶ ለመነ። ዝም ብለው ቢቀመጡ እኮ ይገድልዎታል አላቸው። ሞት ከመጣ ሙሉ አፌን ይዤ እሄዳለሁ አሉት። ይሄን ሲሉ ቅሬታ እንኳ አልነበረባቸውም፤ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነበሩ። እኔ ግን ከጆሮዬ ሥር ዳበስኩ። የሚገድላቸው የኔ ነገር ነዋ።

ሐሳባቸውን ያስቀየራቸው የመንፈቅ ዓመት ፈተና ነው። የመጀመሪያው ፈተና ጠዋት ደብተሬን አንግቤ ልወጣ ስል በሩ ላይ ጠበቁኝ፤ ዱዓቸውን ጨርሰው ከንፈራቸውን ሰበሰቡ። ወደ ኋላ ሸሸሁ። ግንባሬን በእጄ ሸፈንኩ። ከእኔ ሌላ ነገር ወስደው እንዳይጨምሩበት ነበር፤ ግን አልተናገርኩም፣ ሮጥኩ። ስዞር አሁንም በሩ ላይ ናቸው፣ ከንፈራቸው እንደተሰበሰበ።

ያን ቀን ለአባቴ ደወሉለት። ልጅቷ ከሸሸችኝ ምርቃቴ ቀድሞ ሄዷል፣ እንግዲህ ምን ልጠብቅ አሉት።

ቀዶ ሕክምናው ዓርብ ከሰዓት ሆነ። አባቴ ማታ የመጣው አኮን አስተኝቶ፣ በጥቁር ፌስታል የጠርሙስ ዕቃ ይዞ ነው። የወጣው ዕጢ ነው። ተመርምሮ ክፉ መሆን አለመሆኑ መታወቅ አለበት፤ የሚመረምሩት ሰዎች ግን እስከ ሰኞ ስለማይኖሩ ጠብቁት ተብሎ ተሰጠው። እጄ እንዳይደርስበት ብሎ ከፍ ያለው የግድግዳ ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጠው። ቤቱ በመጨረሻ የሚፈልገውን አገኘ አልኩ በልቤ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ጽጌ እግዜር ይማርልን ሊሉ መጡና አዩት። ከዚያ ሰፈሩ ሰማ። ሴቶቹ ተራ በተራ እየገቡ ከጉድጓዱ ፊት ይቆማሉ፤ ለታመመ ሰው እንደሚደረገው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በመድኃኒት ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሏል፤ ግራጫ፣ እዚህም እዚያም ያበጠ፣ ካልተላጠ ድንች ጋር የሚመሳሰል። ፌስታሉ ሲገለጥ ሽታው አፍንጫ ይቆርጣል። አንዷ የሰፈሩን ልጆች ስንት ጣጣ ተሸክመው ኖሩ አለች። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ትልልቆቹም እንደዚያው ያስቡ ነበር።

እኔና ሚኪ መደብ ላይ ቆመን የየራሳችንን ፈለግን። እሱ ከላይ ጎበጥ ያለችውን መረጠ። የእኔ ከታች ያለችው መሰለችኝ፣ ምክንያቱም እሷን ሳይ ከጆሮዬ ሥር ይቆጠቁጠኛል። ሚኪ ጠርሙሱን በጣቱ መታ አደረገው። ዕጢው ቀስ ብሎ ዞረና ሌላ ጎኑን አሳየን። ሚኪ ቤቱ ሄደ።

እሁድ ከሰዓት አባቴ አኮን ሊጠይቅ ሲወጣ ብቻዬን ከጠርሙሱ ጋር ቀረሁ። ፀሐይዋ በበሩ ገብታ እስከ ጉድጓዱ ትደርሳለች። ሰው ያለበት ቤት ሲገባ ሰላምታ አይቀርምና፣ ከደጅ በተመለስኩ ቁጥር አሰላሙ አለይኩም እላለሁ። መልስ እንዳይመጣ ስለፈራሁ ግን ቶሎ ብዬ እወጣለሁ። በዚያ ሰዓት ከታችኛው ቤት የአንድ ሕፃን እናት እየጮኸች መጣች፣ የልጇ ጉንጭ በአንድ ጠዋት አብጦባታል። አኮ እንደሌሉ ነገርኳት። ዕጢው ከአኮ ከተለየ በኋላ ማንም ስለማይይዘው በሽታው መውጣት ጀምሯል ብዬ አሰብኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሰኞ አባቴ ጠርሙሱን ወሰደው። ውጤቱ ሲመጣ ክፉ አይደለም ተባለ፤ አባቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አኮ ደግሞ የአካሌ ቁራጭ ነው፣ አፈር ይልበስ ብለው ስለነበር ከምርመራው የተረፈውን አስመልሶ ከባላቸው መቃብር ግርጌ ቀበረው። እኔም አብሬው ሄድኩ። አፈሩ ሲመለስ ከእኔም የሆነ ነገር አብሮ ሲሸፈን ተሰማኝ፣ ጆሮዬን ይዤ ቆምኩ።

አኮ የተመለሱት የሐኪሙን ማስጠንቀቂያ ሁሉ ፊታቸው ላይ ይዘው ነው። ግራው ፊታቸው አይንቀሳቀስም። ቀኙ ሲስቅ ግራው ዝም ይላል፣ ቀኙ ሲያዝን ግራው ዝም ይላል። ከሁሉ የከበደኝ ግን የቀን እንቅልፋቸው ነበር። ሐኪሙ ሲተኙ ዐይናቸውን በፕላስተር እንዲያሽጉት ነግሯቸዋል፤ እሳቸው ሬሳ ነኝ እንዴ ብለው እምቢ አሉ። ከምሳ በኋላ መደቡ ላይ ጋደም ይላሉ፣ ቀኝ ዐይናቸው ይከደናል፣ ትንፋሻቸው ይረዝማል፣ ግራው ዐይን ግን ክፍት ነው። የቤት ሥራዬን ይዤ ከፊቱ ዞር እላለሁ፤ ስዞር ወደ በሩ ያይ የነበረው አሁን ወደ እኔ ያያል። አንዳንዴ ውሃ ይሞላና በጆሮ ግንዳቸው ይፈሳል፤ እሳቸው ግን እያንኮራፉ ነው።

አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኋቸው።

«አኮ፣ ተኝተው ያዩኛል?»

«እኔማ ተኝቻለሁ፣» አሉ፣ «እሱ ያይሽ ይሆናል።»

ሊያስቁኝ ነበር። ቀኝ ከንፈራቸው ፈገግ ብሏል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የቤት ሥራዬን ደጅ ነው የምሠራው።

ምርቃቱም እንደፈሩት ሆነ። መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ ጠዋት ጠዋት መምጣቱን አልተወም ነበር። አኮ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ከንፈራቸውን ሊሰበስቡ ይሞክራሉ፣ በግራ በኩል ይከፈትባቸውና ምራቁ አገጫቸው ላይ ይወርዳል። ቶሎ ብለው በሻሻቸው ይጠርጉታል። ዱዓው ይበቃል ይሏቸዋል፤ ሰዎቹም ይበቃል፣ ይበቃል ይላሉ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሚያፍር ሰው ፊት መቆም ያስጨንቃል። እየሳሱ ሄዱ። ሚያዝያ ላይ አኮ ጠዋት በር መክፈት ተዉ። በሩ ሥር በምትገባው ብርሃን ፊት ተቀምጠው እግር ሲያልፍ ያዳምጣሉ፤ እግሩ ካለፈ በኋላ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስባሐቸውን፣ ያነሳሉ።

ግንቦት ላይ ዐይናቸው መከደን ጀመረ። አፋቸውም ትንሽ ተመለሰ፣ ለመብላት እንጂ ለእንትፍታ የሚበቃ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ነው ሌላው ነገር የመጣው።

ምሳ ላይ ነበርን። የአብሽ መረቁ ላይ ሎሚ ጨመቁበት፣ አንድ ጊዜ ጎረሱ። ከግራ ጆሯቸው ፊት ለፊት፣ ጠባሳው አጠገብ፣ ቆዳቸው ቀላ። ከዚያ ትንንሽ የውሃ ነጥቦች ወጡ። ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ግንባራቸው ደረቅ ነው፣ ቀኝ ጉንጫቸው ደረቅ ነው። እዚያች መዳፍ የማታክል ቦታ ላይ ብቻ ውሃው ነጠላ ነጠላ ሆኖ ቆየና ተገናኝቶ ወረደ። ማኘክ ሲያቆሙ እሱም ቆመ። ሲጎርሱ እንደገና መጣ። አፍ የተዘጋበት ነገር ሌላ በር እየቆፈረ እንደሆነ አልጠራጠርኩም፤ እንጀራዬን ይዤ ቀረሁ።

ሐኪሙ ሲያየው አልተገረመም። የምራቅ ነርቩ ከቁስሉ ሲያገግም መንገድ ስቶ የላብ ዕጢ ላይ ይደርሳል፤ ምራቅ አምጣ የሚለው ትእዛዝ ላብ ሆኖ ይወጣል፤ አይጎዳም አለ። አኮ ግን አፈሩበት። ከዚያ በኋላ የሚበሉት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው። ከኋላቸው ተቀምጬ ጆሯቸውን ብቻ አያለሁ፤ የሻሻቸው ጫፍ ቀስ እያለ ይረጥባል።

ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ክረምቱን ሶፊ ልሄድ አባቴ ሸዋ በር ሚኒባሱ ጋ ቆሞ ይጠብቀኛል። ዕቃዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። መንገደኛ ሳይመረቅ አይወጣም። አኮ መደቡ ላይ ተቀምጠው ዐይናቸውን አልሰጡኝም።

«ሂጂ፣ አባትሽ ይጠብቃል፣» አሉ፣ «እንደማትፈልጊ አውቃለሁ። አልፈርድብሽም።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እንዳይጨመርብዎት ብዬ ነው አልኳቸው። ምኑ እንዳይጨመር አሉ። ሁሉን ነገርኳቸው፤ እጃቸው ሻሻቸው ሥር ስትገባ ማየቴን፣ ለአባቴ ከልጅቷ ነው ማለታቸውን፣ ጠርሙሱ ውስጥ የኔን መለየቴን፣ መቃብር ላይ መቆሜን። አኮ ዐይናቸውን መለሱልኝ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«ሙኒራ፣ ያንቺ አልነበረም። አባትሽ ገና ሱሪ ሳይታጠቅ ጀምሮ እዚህ ነበር። መጀመሪያ የሽምብራ ፍሬ ታክል ነበር። የልጆቹን እብጠት ሳይ የራሴን እዳብሳለሁ፣ አድጎ እንደሆነ ለማወቅ። ያን ቀን አባትሽ ሲያይብኝ ሐኪም ቤት እንዳይጎትተኝ ፈርቼ ከልጅቷ ነው አልኩት። ልጅ ይሰማል አላልኩም። ወላሂ አላልኩም። አፉ በይኝ።»

ትልቅ ሰው አፉ በይኝ ብሎኝ አያውቅም። አፉ ብያለሁ አልኳቸው። ዓመት ሙሉ የተሸከምኩት ነገር የኔ ያለመሆኑ ሊያስደስተኝ ሲገባ ባዶነት ተሰማኝ።

«ታዲያ የኔ የት ሄደ?» አልኳቸው።

«ሄደ። የሄደ ሁሉ የሚያርፍበት ሰው ይፈልጋል እንዴ?»

ከዚያ ሎሚ እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። ከመሶቡ አጠገብ ካለው ሳህን አንድ አንስቼ ቆርጬ ሰጠኋቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አላዞሩም። ግማሹን ነከሱት፣ ቀኝ ዐይናቸው ተጨፈነ፣ ግራውም ተከተለው። ሻሻቸውን ከጆሯቸው ወደ ኋላ ገፉት። ጠባሳውን ያን ያህል ቀርቤ አይቼው አላውቅም ነበር። ቆዳው ቀላ፤ ነጥቦቹ አንድ በአንድ ወጡ፣ ተያያዙ። አኮ በአውራ ጣታቸው ከታች ወደ ላይ ሰበሰቧቸው፤ ሲሰበስቡ ከንፈራቸው ዱዓ ያደርግ ነበር፣ ጎበጥ እንዳለ። ጣታቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። ቀዝቃዛ ነበር። አልሸሸሁም።

ስወጣ በሩን አትዝጊው አሉኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ አባቴ በመስኮቱ በኩል እንድቀመጥ ቢፈቅድልኝም ነፋሱ ግንባሬን እንዳያደርቀው መሃል ተቀመጥኩ። ከወረድንም በኋላ ማሳ ለማሳ ስንሄድ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ቤት ስንደርስ እናቴ እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ፣ ሳመችኝ፣ ከዚያ መዳፏን ግንባሬ ላይ አድርጋ አባቴን አየችው።

«ግንባሯን ምን አላበው?» አለች። «ልጅቷን አሟታል እንዴ?»

«የኔ አይደለም፣» አልኳት።